ላባዎቹን የት ጣልካቸው?

ውድ ልጄ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ነው። ሌላ ቃል ስፈልግ ቆይቼ እጄ ወደ ስድብ እያዘነበለ አስቸገረኝና ተውኩት። ልጄ መሆንህ ግን አልቀረም። ባትሆንማ እንዲህ አልቃጠልም ነበር፤ የሌላ ሰው ልጅ ይህን ቢያደርግ ከንፈሬን መጥጬ አልፈው ነበር።

በስልክ አንተ ታሸንፈኛለህ። ድምፅህን ዝቅ አድርገህ «አባዬ፣ ተረጋጋ፣ መጀመሪያ አየር ሳብ» ስትለኝ ሳላስበው አየር እስባለሁ፤ አየሩን እስካስወጣ አንተ ዘግተኸዋል። ወረቀት አያቋርጠኝም። ጽሕፈቴ እንደምታውቀው ነው፤ ትምህርቴን የወፍጮ ቤቱን ሚዛንና የጸሎት መጽሐፌን ከማንበብ በላይ አልገፋሁትም። ቢሆንም እንደ ምንም ታገለው። ቁጭ ብለህ አንብበው።

ጉዳዩን ባጭሩ ልንገርህ። እህትህ ቅዳሜ ጠዋት ልትሄድ ነው። የምትሄደው ደግሞ አንተ ሂጂ ስላልካት ነው።

«እኔ? መቼ?» ብለህ እንደምትነሣ አውቃለሁ። ስለዚህ ከሥሩ ልጀምርልህ፣ የረሳኸው ነገር አለና።

እኛ ቤት እንዴት እንደምንነጋገር ረስተሃል። ወፍጮ ቤት ሞተሩ ከተነሣ ሰው ከሰው አይሰማማም። ከእናትህ ጋር ስንሠራ ቀኑን ሙሉ የምንባባለው «ጆንያውን ያዝ»፣ «የሞተሩ ቺንጋ ላልቷል» ብቻ ነበር። ቤት ስንገባም የልባችንን ማውራት አቃተን። በተለይ እኔ። «ምን ሆንክ?» ሲሉኝ «ምንም» የምል ሰው ነኝ። በእንስሳ አፍ መናገርን ያመጣችው እናትህ ናት። የሚያሳፍረውን፣ የሚያስፈራውን፣ ፊት ለፊት የማይወጣውን ነገር አይጥ ላይ ወይም እርግብ ላይ ትጭነዋለች። ትነግርሃለች፣ ትነግርሃለች፣ ልክ መጨረሻው ጋ ስትደርስ ዝም። መጨረሻውን የሚናገረው የተጠየቀው ሰው ነው። የጀመረ አይጨርስም። የጨረሰለት ሰው ቃል ደግሞ ምክር ነው፣ ይያዛል። ሌላ ቤት ተረት ልጅ ማስተኛ ነው፤ እኛ ቤት ተረት ጥያቄ ነው። ይህን አንተ ካላወቅክ ማን ሊያውቅ ነው?

አንተ ራስህ በዚህ አይደል እንዴ የወጣኸው? ትምህርትህን ጨርሰህ ከእኔ ጋር የወፍጮ ድንጋይ ስትወቅር በከረምክበት ጊዜ፣ እራት ላይ ጀመርክ። «አንዲት በቅሎ ነበረች፣ ወፍጮ የምታዞር። ቀኑን ሙሉ ትሄዳለች፤ ሲመሽ ያለችው ጠዋት የተነሣችበት ቦታ ነው። አንድ ቀን ከአጥሩ ውጪ ቀጥ ያለ መንገድ መኖሩን ሰማች።» አልክና አቆምክ። ዓይንህን እናትህ ላይ ተከልክ። እኔን አልጠየቅከኝም፤ ቅርም አላለኝ።

እናትህ ወዲያው መለሰችልህ? አልመለሰችም። ሰንብታ ነው። ልብስ ስታጥብ፣ ዱቄቱን ከፀጉሯ ስታራግፍ ከንፈሯ ብቻውን ይንቀሳቀስ ነበር። አንድ ጠዋት ጫማህን እያሰርክ ሳለ መጥታ ፊትህ ቆመች።

«በቅሎዋ ሄደች» አለችህ። «ቀጥ ያለ መንገድ ማለቂያው እንደማይታይ፣ ማደሪያ እንደሌለው፣ ስትደክም ጭነቷን የሚያወርድላት እንደማይኖር የነገራት ሰው አልነበረም። እኔ ነገርኳት። ሰምታኝ፣ ፈርታ፣ ሄደች።» ቀጥላ ደግሞ «ብትመለስም ለምን ተመለስሽ የሚላት የለም» ብላህ ወደ ጓዳ ገባች። እዚያ ገብታ ያለቀሰችውን ያየሁት እኔ ነኝ።

ሂድ ነው ያለችህ። ስለዚህ «አባዬ ፈሪ ነው፣ ከወፍጮ ቤቱ ጣሪያ ወዲያ ሰማይ ያለ አይመስለውም» የምትላትን ነገር አስቀምጣት። እኛ ቤት ሂድ ማለት ነውር ሆኖ አያውቅም። ነውሩ አደጋውን እያወቁ ሸሽጎ ሂድ ማለት ነው።

እንግዲህ ንግግር ወዳደረግክበት አዳራሽ ልምጣ።

ትኬቱን የላክልን አንተ ነህ፣ ፈጣሪ ይስጥህ። ከእህትህና ከጎረቤታችን ከፀጉር አስተካካዩ ጋር መጣን። ሰው በሰልፍ ሲገባ ሳይ ደስ አለኝ፤ አልዋሽህም። ፀጉር አስተካካዩ በክርኑ ጎነጠኝና «ይሄ ሁሉ ሰው ያንተን ልጅ ሊሰማ ነው? ያንን ጭንቅላት ለስንት ዓመት የቆረጥኩት እኔ መሆኔን የሚነግርልኝ ይጥፋ?» አለኝ። አንተ በነጭ ጫማ፣ ዝንብ የምታህል ማይክ ጉንጭህ ላይ ለጥፈህ ወጣህ። ሙዚቃው ጆሮ ይበጥሳል፤ እኔስ ጩኸት ለምጃለሁ። «ከጎናችሁ ያለውን ሰው እጁን ያዙና ንስር ነህ በሉት!» አልክ። አጠገቤ የነበረች ወጣት እጄን ጨብጣ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ «አባባ፣ እርስዎ ንስር ነዎት!» አለችኝ።

«አይ ልጄ፣ እኔ እንኳ ወፍጮ ቤት ነው የምሠራው» አልኳት።

ፀጉር አስተካካዩ ሳል እስኪይዘው ሳቀ። እህትህ ግን አልሳቀችም። እጆቿን ጉልበቶቿ መሃል አጣብቃ አንተን ብቻ ታያለች። ለምን እንደሆነ ያኔ አላወቅኩም።

መጀመሪያ የእናትህን አይጦች አመጣሃቸው። በእናትህ ተረት ከድንጋዩ ሥር የምትኖረው አይጥ ፍርፋሪ እየለቀመች፣ ልጆቿን አሳድጋ፣ አርጅታ ትሞታለች። እህሉ በሚገባበት የወፍጮ አፍ ውስጥ የሰፈረችው ደግሞ እህል እንደ ዝናብ እየወረደላት ትወፍርና፣ አንድ ቀን ሞተሩ ሲነሣ ከእህሉ ጋር ትወርዳለች። ባንተ ተረት ያቺው አይጥ የወፍጮው ባለቤት ሆነች! ታችኛዋን «ፍርፋሪ አሳቢ» አልካት፤ ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ከአፉ የወረዱትን አይጦች ከድንጋዮቹ መሃል በእጄ ስለቅም የኖርኩ ነኝና አልሳቅኩም። ቢሆንም «መተዳደሪያው ነው፣ ልጅ ነው፣ ይጫወት» ብዬ አለፍኩህ።

ከዚያ እርግቧን አመጣህ።

«አንዲት እርግብ ነበረች። ጣሪያዋ ዝገት፣ ምግቧ ጥሬ፣ ጎረቤቷ ንፋስ! አንድ ቀን ከትልቅ ቤት ግብዣ መጣላት። እህሉ በብርጭቆ ሳህን፣ ወለሉ ለስላሳ። ወገኖቼ፣ ብዙዎቻችን የምንሞተው እዚህ ላይ ነው፣ ቆመን ስናስብ! እርግቧ ግን ማሰቧን ትታ ዘለለች!» እጅህን ዘረጋህ። ሰዉ ሁሉ ተነሥቶ «ዝለል! ዝለል!» እያለ አዳራሹን አናወጠው።

እህትህም ተነሣች። አልጮኸችም። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ቆመች።

ውጪ ደረጃው ላይ ክንዴን ያዘችኝ።

«ሰማኸው አባዬ? ጨረሰልኝ።»

«ምኑን?»

«የኔን ተረት ነዋ። በስልክ ነግሬው ነበር። መልሼ እደውልልሻለሁ ብሎኝ ሳይደውል ቀረ፤ ትኬቱን ሲልክ ነው የገባኝ። መልሱን ሊነግረኝ ነው የጠራኝ።»

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩና «የምን ተረት?» አልኳት።

አሁን እሷ ለኔ እንደነገረችኝ ልንገርህ፤ ላንተም የነገረችህ ይህንኑ ነው። ከምትሰፋበት መጋረጃ ቤት ልክ እንድትወስድ ወደ አንድ ትልቅ ቤት ላኳት። ከከተማ ወጣ ያለ፣ አጥሩ ረጅም ነው አለችኝ። ልክ ወስዳ፣ ሰፍታ፣ ልትሰቅል ስትመለስ ባለቤቱ ወደዳት። ጨዋ ሰው ነው አለች። እጇን አልነካም፤ ድምፁንም ከፍ አያደርግም። «ቤቱ ሰው የለውም፣ አንቺ ያዢው። መርፌ ይብቃሽ። ስልክሽንም ተይው፣ አዲስ አለልሽ። ሠርጉን ቀስ ብለን እናስባለን» አላት። ምን እንደሚሠራ ጠየቅኳት። «ንግድ» አለችኝ። የምን ንግድ? «አባዬ ደግሞ፣ ንግድ ነዋ!»

ላንተ የደወለችው ያኔ ነው። በእኛ ቤት ደንብ ጠየቀችህ። እርግቧ በወፍጮ ቤት ጣሪያ ትኖር ነበር። ከትልቅ ቤት ተጋበዘች። እህሉ በብርጭቆ ሳህን ነው፤ ወለሉ ለስላሳ ነው። እዚህ ድረስ አዳራሽህ ሰምቶታል። እህትህ ግን ቀጠለች። «እርግቧ ጠጋ ብላ ስታየው፣ ወለሉ ለስላሳ የሆነው ላባ ስለተነጠፈበት ነው። ነጭ አለ፣ ግራጫ አለ፣ ቡናማ አለ። የአንድ ወፍ ላባ አይደለም። የመስኮቱም መቀርቀሪያ በውጪ በኩል ነው።» አለችህና ዝም አለች።

ደረጃው ላይ ተቀምጬ «ላባው ምንድን ነው?» አልኳት።

«ቁም ሣጥኑ ውስጥ ቀሚሶች አሉ አባዬ። እኔ ልክ የሚጠፋብኝ ሰው አይደለሁም። ወገባቸው የተለያየ ነው፤ የአንድ ሴት አይደሉም። የእህቴ ናቸው አለኝ።»

«ስንት እህት አለው?»

«አልጠየቅኩትም።»

«መቀርቀሪያውስ?»

«እሱ እውነተኛ መቀርቀሪያ ነው» አለች፣ ወደ መሬት እያየች።

ልጄ፣ የዚያች ልጅ ጥያቄ እኮ ላባው ነበር! ሳህኑንማ እሷም አይታዋለች፤ ሳህን ያምራል ወይ ብላ አይደለም የደወለችልህ። ላባውን አይታ፣ ፈርታ፣ የፈራችውን ለመናገር አፍራ፣ ወጥቶ ዓለምን ያየ ወንድም አለኝ ብላ አመጣችልህ። አንተ ሳህኑን ወሰድክና ላባውን ጣልከው።

እሷስ ምን ብላ ተረጎመችው መሰለህ? «ላባዎቹን ዝም ብሎ አልተዋቸውም አባዬ። አስቦባቸው ነው። ምንም እንዳልሆኑ ቢያውቅ ነው ያላነሣቸው። እኛ ነን እንጂ ሁሉ ነገር የሚያስፈራን፣ እሱማ ለምዶታል።» ጭብጨባ ፈልገህ የቆረጥከውን እሷ ጥበብ አደረገችልህ። ሰኞ ሥራዋን ለቀቀች። መቀሷንና ሜትሯን ይዛ ስትገባ ፊቷ ላይ የነበረውን እርጋታ ብታየው ትሸበር ነበር። እናትህ የጨረሰችልህ ጊዜ አንተ የነበረህ ፊት ነው። ቃልህን አምናለች።

ያን ቀን ነው የደወልኩልህ። ምን እንዳልከኝ አንድም ቃል ሳልጨምር ልጻፍልህ፣ ራስህን እየው።

«አባዬ፣ እኔ እኮ ለሷ አልተናገርኩም። ለአዳራሹ ነው የተናገርኩት።»

«እሷ አዳራሹ ውስጥ ነበረች።»

«ሺህ ሰው ነበር እኮ!»

«ታዲያ ለሺሁም ነው ዝለሉ ያልከው?»

«ማነቃቂያ ነው አባዬ። ሰው ስሜቱ ይነሣል፣ ያጨበጭባል፣ ቤቱ ይገባል። ቃል በቃል የሚወስደው የለም።»

«ላባዎቹን የት ጣልካቸው?» አልኩህ።

«የቱን ላባ?» አልክ። ትዝ እንዳለህ ከዝምታህ አወቅኩ። «እሱ… ታሪኩን ያጨልመዋል አባዬ። ሰው አይወደውም» አልክ። ቀጥለህም ስብሰባ አለኝ አልክ።

እዚህ ላይ ነው የነደድኩት፤ እስካሁንም አልበረድኩም። ሰማኸው ራስህን? ያን ሁሉ ሕዝብ ዝለል ስትለው አንድም ሰው ይዘላል ብለህ አላሰብክም! የምትናገረውን የሚያምንህ ሰው ቢገኝ ሞኝ ነው የምትለው አንተ ራስህ ነህ። ያቺ እጄን ጨብጣ ንስር ነዎት ያለችኝ ልጅ የት ገባች? ከምን ላይ ዘለለች? ሥር ምን ነበረ? ጠይቀህ ታውቃለህ? ወፍጮ ቤት እንኳ ሞተር ከማስነሣታችን በፊት «እጅ አውጡ!» ብለን እንጮሃለን። ዱቄት ለምንፈጭ ሰዎች ይህ ከገባን፣ ሰው የምታንቀሳቅሰው አንተ እንዴት ሳይገባህ ቀረ?

እርግብ እርግብ ትላለህ። እኔ በየጠዋቱ አያቸዋለሁ፣ ጣሪያችን ላይ ናቸው። እርግብ እንዲህ ብላ አትዘልም። አንገቷን ወዲህ ታጥፋለች፣ ወዲያ ታጥፋለች፣ እግሯን ታነሣለች፣ ትመልሳለች። የሚያይ ሰው ፈሪ ይላታል። እሷ ግን ነገም መብረር ስለምትፈልግ ነው።

ድህነት ይጣፍጣል እያልኩህም አይደለም። ደረቴ ውስጥ ያለውን ብናኝ አንተም ሳሌን ሰምተህ ታውቀዋለህ። እህትህ ስፌት ስታይ ውላ ዓይኗ ቀልቶ ስትገባ ሆዴ ይባባል። ትልቅ ቤት ብትገባ፣ መስኮቱን በፈለገች ጊዜ የምትከፍተው ቤት ቢሆን፣ እልል ብዬ ነበር የምሸኛት። ትንሽ ቤታችን ምን አላት? ምንም የላትም። በሯ ግን ከውስጥ ይከፈታል። እናትህ የኖረችውም ያኖረችንም በዚያ ነው።

ራሴንም አልማርኩም። ጠዋት ጠዋት ለጸሎት ስቆም «በደላችንን ይቅር በለን» የሚለው ጋ ስደርስ አንተ ትመጣብኛለህ፣ ቃሉ አፌ ላይ ይደርቃል። እስቲ ምን ሆነሃል አንተ ሽማግሌ ብዬ ራሴን መረመርኩ። ቅናት ነው? ሕዝብ ለልጅህ ሲነሣ ላንተ ማንም ተነሥቶ ስለማያውቅ ነው? ትንሽ አለች፤ አልክድም። ብቻዬን መቅረት ፈርቼስ ይሆን? እሱማ አለ። እናትህ ካረፈች ወዲህ በዚህ ቤት ሁለተኛዋ ድምፅ እህትህ ናት፤ እሷ ስትሄድ የሚቀረኝ የማንቆርቆሪያው ፉጨት ነው። ይህን ሁሉ አንድ በአንድ አውጥቼ ወደ ጎን አስቀመጥኩት። አስቀምጬ ሳበቃ ግን ቀሚሶቹ እዚያው ተሰቅለዋል። እነሱን እኔ አልፈጠርኳቸውም።

ትናንት ከሥራ ስመለስ ልብሷን እያጠፈች ሻንጣ ውስጥ ትከታለች። አጠገቧ ተቀመጥኩና «አንዲት እርግብ…» ብዬ ጀመርኩ።

«አባዬ፣ ተው» አለችኝ። «የኔን ተረት የጠየቅኩት ሰው ጨርሶታል። ሁለት ሰው አይጨርሰውም። ደንቡን ታውቃለህ።»

ደንቡን አውቃለሁ። ያን ሰዓት ግን እናትህን ይቅርታ ጠየቅኩና ደንቧን አፈረስኩት።

«እፈራለሁ» አልኳት።

እጇ ላይ የነበረው ሹራብ ወደቀ። «ምን አልክ?»

«እፈራለሁ ልጄ። እርግብ አይደለችም፣ እኔ ነኝ። ገብተሽ እንዳትወጪ እፈራለሁ። ደውዬ እንዳላገኝሽ፣ መጥቼ በሩ ላይ የለችም እንዳይሉኝ እፈራለሁ።»

ሻንጣው ላይ ቁጭ አለች። በዚህ ቤት እንዲህ ያለ ቃል እንዲህ ራቁቱን ሲወጣ ሰምታ አታውቅም። ሹራቡን ከወለሉ አንሥታ «እኔም እፈራለሁ» አለች።

«ታዲያ ለምን ትሄጃለሽ?»

«ወንድሜ ጨርሶልኛላ! እሱ እኛ ያላየነውን አይቷል። ላባው ምንም አይደለም ካለኝ…»

«ላባውን ያልጠራው፣ ሰው ስለማያጨበጭብለት ነው! በገዛ አፉ ነግሮኛል።»

አየችኝ። «አንተ ተናድደህበታል አባዬ። ስለዚህ ካንተ አልሰማውም። እሱ ራሱ ይንገረኝ። መጥቶ እዚህ ተቀምጦ አላሰብኩበትም ይበለኝ። ያኔ ሻንጣዬን እፈታለሁ።»

ደውዪለት አልኳት። ደውላልሃለች፤ ያ ስልክህን የሚያነሣው ልጅ «መልእክትዎን ያስቀምጡ» አላት። ለወንድሟ መልእክት አስቀምጪ ሲሏት የማታስቀምጥ ልጅ መሆኗን ታውቃለህ።

እንግዲህ የምጠይቅህ ይህንን ነው፣ ሌላ ምንም አልጠይቅህም። ነገ አርብ ነው። ና። ያቺን ዝንብ ከጉንጭህ ንቀል። እርግብ የለም፣ ንስር የለም፣ አይጥ የለም። እህትህ ፊት ተቀመጥና በሰው አፍ «ላባውን ሰምቼ ነበር፤ ስለማያምር ነው የቆረጥኩት፤ ላንቺ አልመለስኩልሽም» በላት። ይከብድሃል። ደረቱን ነፍቶ ሺህ ሰው ፊት የሚቆም ሰው እህቱ ፊት ይህችን ለማለት ላብ ያጠምቀዋል። ይጥመቅህ። ከዚያ በኋላ በእውነት አስበህ «ሂጂ» ብትላት እንኳ ቢያንስ ላባውን አይተህ ነው፤ እኔም አፌን እይዛለሁ።

ይህን ደብዳቤ ፀጉር አስተካካዩ ራሱ ይዞልህ ይመጣል። ሱቁን ዘግቶ ነው የሚመጣው። ቢሮህ በር ላይ አታገኘውም ቢሉት «እኔ ጭንቅላቱን ከልጅነቱ ጀምሮ የማውቀው ሰው ነኝ» እላቸዋለሁ ብሏል። አንብበህ ሳትጨርስ ከወንበሩ አይነሣም፤ አውቀዋለሁ፣ ወሬ ከጀመረ ደግሞ ሠራተኞችህ ሁሉ ሥራ ይፈታሉ። ስለዚህ ቶሎ ብታነበው ላንተም ይሻላል።

ባትመጣስ? ይህንንም ወስኛለሁ። ቅዳሜ ሰውየው የሚልክላት መኪና በራችን ላይ ሲቆም እኔም እገባለሁ። ከኋላ ወንበር፣ ከእህትህ አጠገብ። ሹፌሩ ምን እንደሚል እናያለን። ከባለወፍጮው ፈቃድ ጠይቄያለሁ፤ «ለምን ያህል ጊዜ?» ሲለኝ «ልጄ እስክትወጣ» አልኩት፤ አልገባውም፣ ግን ፈቀደልኝ።

ይህችን መስመር ስጽፍ እህትህ ከኋላዬ ቆማ ታነብብ ኖሯል።

«በዚህ ኮት ነው የምትገባው?» አለችኝ። «አባዬ፣ የመኪናው ወንበር እኮ ነጭ ነው!»

«እንግዲያው ዱቄቱ አይታይበትም።»

ሳቀች። ስትስቅ ከሰማሁ ሰንብቻለሁ። ወዲያው ደግሞ ሳቋ ጠፋና «የምርህን ነው?» አለች።

«የምሬን ነው።»

«ሰውየው ቢቆጣስ?»

«ድምፁን ከፍ አያደርግም ብለሽኝ የለ? ከፍ ሲያደርግ አብረን እንሰማዋለና።»

ከጀርባዬ ጠፍታ ሻንጣዋ ጋ ሄደች፤ እየሞላችው ይሁን እያወጣች ዞሬ አላየሁም፣ ፈራሁ።

ልጄ፣ እየተናደድኩብህ እጸልይልሃለሁ። ሁለቱ አብረው እንደሚሄዱ እስከዚህ ዕድሜዬ አላውቅም ነበር። ነገ ከመጣህ በሩን አታንኳኳ፣ ግባ።

አንተን ወይም መኪናውን፣ ቀድሞ የመጣውን የሚጠብቀው
አባትህ